ሦስተኛው ገመድ

ሐሙስ ረፋድ፣ ከወይራ አምባ ዳገት ሥር ባለ ጋራዥ፤ አቶ ዘውገና አብራቸው የምትሠራው መካኒክ ልጃቸው ብሩክታዊት ኮፈኑ በተከፈተ የጤና ጣቢያ አምቡላንስ ፊት ቆመዋል።

ብሩክታዊት፦ ሰኞ ጠዋት አራቱም ካንዴላዎች ከነገመዶቻቸው ተቀየሩ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ መቆራረጥ ጀመረ። ማክሰኞ ወላድ እንደጫነ ዳገቱ ላይ ቆመ። በመካከሉ ማንም አልነካውም፣ አባዬ።

ዘውገ፦ ቤንዚኑን እዪ አልኩሽ እኮ። ውሃ የገባበት ቤንዚን ነው።

ብሩክታዊት፦ ከትናንት ጀምሮ በጠርሙስ አስቀምጬዋለሁ። ከሥሩ ውሃ አልረጋም።

ዘውገ፦ እንግዲያው ሾፌሩ ነው። ሾፌር ሁሉ ዳገት ላይ ማርሽ መቀየር ሲያቅተው «ካንዴላ» ይላል።

ብሩክታዊት፦ ውብእሸት ይህን ዳገት ዘጠኝ ዓመት ወጥቶታል።

ዘውገ፦ ዐሥረኛው ላይ ተሳሳተ። ጻፊ፤ ጤና ጣቢያዎቹ ከቀትር በፊት የጋራዡን ቃል በጽሑፍ እንፈልጋለን ብለዋል። «የአነዳድ ጉድለት» በዪ፤ እኔ እፈርማለሁ።

ብሩክታዊት፦ እሱን ብጽፍ ውብእሸትን ያባርሩታል።

ዘውገ፦ ሌላ መኪና ያገኛል። እኔ ግን ሌላ ስም አላገኝም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።

ብሩክታዊት፦ የእሱስ ስም የት ይውላል?

ዘውገ፦ እናቲቱ ተርፋለች አይደል?

ብሩክታዊት፦ እናቲቱ ተርፋለች።

ዘውገ፦ እግዚአብሔር ይመስገን።

ብሩክታዊት፦ ሁለት ሰዓት ሙሉ መንገድ ዳር ነው ያማጠችው። ሕፃኑ ግን አልተረፈም፤ ወንድ ልጅ ነበር አሉ።

ዘውገ፦ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ አትንገሪኝ።

ብሩክታዊት፦ ትናንት ሞተሩን አስነሥቼ በአራቱ የጭስ መውጫ ቱቦዎች ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግሁ። በሦስቱ ላይ ወዲያው ተነነ። በሦስተኛው ሲሊንደር ቱቦ ላይ ግን ቁጭ አለ። እዚያ እሳት የለም። በሦስት ሲሊንደር ደግሞ ያን ዳገት ማንም አይወጣውም።

ዘውገ፦ አርባ ዓመት ሞተር አዳምጬአለሁ። ካቻቢቴ ከሞተሩ ወደ ጆሮዬ አስደግፌ የላላውን ቫልቭ በቁጥሩ የምጠራ ሰው ነበርኩ። ሰኞ አስነሥቼዋለሁ፤ ምንም አልነበረውም።

ብሩክታዊት፦ አሁንስ? ይኸው እየሠራ ነው። ምን ይሰማሃል?

ዘውገ፦ ይንቀጠቀጣል። እጄ ያውቀዋል።

ብሩክታዊት፦ እጅህን አልጠየቅኩም። ከገመዱ ሥር ጠቅ ጠቅ የሚለውን ትሰማዋለህ?

ዘውገ፦ ጠቅ የሚል ነገር የለም።

ብሩክታዊት፦ መንገድ ላይ የቆመው ሎተሪ አዟሪ እንኳ ዞር ብሎ አየን፣ አባዬ።

ዘውገ፦ ሎተሪ አዟሪ መካኒክ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ብሩክታዊት፦ እሺ። አጥፍቼዋለሁ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር። አራቱንም ገመዶች አንድ በአንድ እጫናቸዋለሁ፤ አንዱ ጠቅ ብሎ ከገባ ስንተኛው እንደሆነ ትነግረኛለህ።

ዘውገ፦ ልጄ ልትፈትነኝ? ይሁን፣ ዞሬአለሁ። ተጫኚ።

ብሩክታዊት፦ …ጨረስኩ።

ዘውገ፦ አራቱም ጥብቅ ናቸው። እንዳስገባኋቸው ናቸው።

ብሩክታዊት፦ እጅህን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አድርግ። አስነሣዋለሁ።

ዘውገ፦ ይኸው፣ አድርጌአለሁ።

ብሩክታዊት፦ ምን ይላል እጅህ?

ዘውገ፦ መንቀጥቀጡን ተወ።

ብሩክታዊት፦ ሦስተኛው ነበር። ጠቅ አለ፣ አባዬ፤ በሩ ድረስ ይሰማል። «ገመድ ጠቅ ሳይል እጅሽን አታንሺ» ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ዘውገ፦ ጠቅ ያለ መስሎኝ ነበር። አርባ ዓመት ሲል የሰማሁትን ድምፅ ጆሮዬ ከራሱ አውጥቶ አሰማኝ መሰለኝ።

ብሩክታዊት፦ ጆሮህ የደከመው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ዘውገ፦ ከአምና መስከረም። መጀመሪያ ወፎቹ ከሰፈር የሄዱ መሰለኝ። እናትሽን «ወፎቹ ምን ሆኑ?» ብዬ ብጠይቃት ዛፉን አሳየችኝ። ሞልተውበታል።

ብሩክታዊት፦ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» አንተው ራስህ ትል ነበር።

ዘውገ፦ እሱን የምለው ለባለ መኪናዎች ነበር።

ብሩክታዊት፦ ስማኝ። የእኔን ስም እጽፋለሁ። ገመዱን ያስገባሁት እኔ ነኝ እላለሁ። እኔ ወጣት ነኝ፤ ይረሳልኛል።

ዘውገ፦ ሰኞ ጠዋት አንቺ የት ነበርሽ?

ብሩክታዊት፦ መለዋወጫ ልገዛ ሄጄ ነበር። ማን ያውቃል?

ዘውገ፦ ያቺ እናት ነገ መንገድ ላይ ስታይሽ ፊቷን ታዞርብሻለች። ያንን ትችዪዋለሽ?

ብሩክታዊት፦ አንተስ ትችለዋለህ?

ዘውገ፦ ብዕሩን አንሺ። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ።

ብሩክታዊት፦ አባዬ…

ዘውገ፦ «ሰኞ ጠዋት ሦስተኛውን ገመድ ያስገባሁት እኔ ዘውገ አየለ ነኝ። ገመዱ አልገባም ነበር። ሾፌሩ አላጠፋም።» ጻፍሽ?

ብሩክታዊት፦ ጽፌአለሁ።

ዘውገ፦ ከሥሩ ጨምሪበት፦ «ከዛሬ ጀምሮ መኪና አልሠራም።» ወዲህ በዪው፤ ልፈርም። ራሴ አደርሰዋለሁ።