«አልፎ አልፎ» ስንት ጊዜ ነው?

ሰፈርተኛው «ጋሼ ኮማ» የሚላቸው ጡረተኛ የቢሮ ጸሐፊ፣ አንድ ቀን ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ድንገት ተገናኙ። ልጅቱ ነርስ ናት። እሳቸው ለሐኪም የላኩትን ኢሜይል በወረቀት አሳትመው ይዘው ግራ ገብቷቸው ቆመዋል።

«አጎቴ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምን እባክሽ ልጄ! ባለቤቴ ራሷን እየሳተች መሆኑን ለዚያ እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነበው የውጭ አገር ሐኪም ጽፌለት ነበር። ‹በሽታው አንድ ነው ወይስ ሦስት? ሳይገባኝ ቀጠሮ አልሰጥም› ይለኛል። እኔን! ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ የጻፍኩትን ሰውዬ!»

ነርሷ ደብዳቤውን ተቀብላ አነበበች። መጀመሪያው ላይ «ፍሮም ታይም ቱ ታይም»፣ መሐሉ ላይ «ናው ኤንድ ዜን»፣ መጨረሻው ላይ «ዋንስ ኢን ኤ ዋይል» ይላል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አጎቴ፣ ሦስቱም ስለዚያው ስለ አንዱ ራስ መሳት ነው?»

«ታዲያስ! እኛ ቢሮ አንድን አባባል በአንድ ደብዳቤ ሁለቴ መጻፍ ነውር ነበር። አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙብኝ ነበር።»

ወይ ጉድ! አለቃው ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፣ ቀይ እስክሪብቶው ግን ዛሬም ጋሼን አለቀቃቸውም።

«ሐኪም ግን ቃሉ ሲለወጥ በሽታውም የተለወጠ ይመስለዋል። ለመሆኑ ከሦስቱ የትኛው ይበዛል?»

«ፍሮም ታይም ቱ ታይም… አይ፣ ናው ኤንድ ዜን ሳይሆን አይቀርም። ቆይ እስቲ…» ግንባራቸውን ጠረጉ። «አሁንስ ጭራሽ ዞረብኝ!»

«እኔም አላውቀውም። ሦስቱም ያው ‹አልፎ አልፎ› ነው የሚሉት። ‹አልፎ አልፎ እንጠያየቃለን› ብለው ለወዳጅ ቢጽፉ ያምራል፤ ማንም አይቆጥርም። ሕመም ግን ይቆጠራል።»

«ቀንና ቁጥር ከደረደርኩማ ደብዳቤነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«እሺ፣ እትዬ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ራሳቸውን ሳቱ?»

ጋሼ ኮማ አያውቁም! ሚስታቸው ናት፣ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚኖሩት፣ አያውቁም። በጣም አፈሩ። ተያይዘው ቤት ገቡ፤ እትዬ ተቀምጠው ልብስ ያጣጥፋሉ።

«አምስት ጊዜ» አሉ እትዬ ሲጠየቁ። «ሰኞ ደረጃው ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋትና ማታ፣ ሐሙስ መታጠቢያ ቤት፣ ዛሬ አንተ እንደወጣህ።»

«እኔ የማውቀው የሰኞውን ብቻ ነው! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደብዳቤውን እያሳመርክ ነበራ። ላቋርጥህ አልፈለግሁም።»

ጋሼ ኮማ ወረቀት ስበው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን እየጠቀሱ «ራሷን ሳተች» የሚለውን በእንግሊዝኛ አምስት ጊዜ ጻፉ፤ አንዱንም በሌላ ቃል ሳይተኩ በኢሜይል ላኩት። ከሰዓት በኋላ የሐኪሙ መልስ መጣ፦ «ነገ ጠዋት ይዘሃት ና።»

ቁርጡን የጻፈ ሰው ቶሎ መልስ ያገኛል፤ ከሁሉ በፊት ግን ቁርጡን ለመጻፍ አጠገቡ ያለውን ሰው መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ጋሼም ይህን አምነው፣ እነዚያን ያማሩ አባባሎች ለወዳጅ ሰላምታ አስቀመጧቸው። ከሐኪሙ ከተመለሱ ወዲህ በየማታው ከሚስታቸው አጠገብ ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ።

«ዛሬስ ስንቴ?»

«ዛሬ ምንም» ይላሉ እትዬ። እሳቸውም ይህንኑ ይጽፋሉ።