የተዘቀዘቀ ነጠላ

ከቂሊንጦ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋዋለች። አጠገቧ ያሉት እናት አላስቻላቸውም።

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ።»

«ታዲያ ነጠላ ይዘቀዘቃል? ሟርት እኮ ነው!»

«ብስኩት ፋብሪካ ነው የምሠራው። ፈረቃ ስንገባ በሩን ከውጭ ይቆልፉብናል።»

«ከውጭ?»

«እንዳንሰርቅ ነው አሉ። ባለፈው ምድጃው አካባቢ እሳት ተነሳ። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ምሳ ሄዷል።»

«በስመ አብ! ከዛስ?»

«በእርጥብ ጆንያ አፍነን አጠፋነው። በሩ የተከፈተው ግን ሰውዬው በልቶ ሲመለስ ነው።»

«አልጮኻችሁም?»

«የጮኸማ ይባረራል። በማግስቱ ሁላችንም ጋውናችን ላይ ነጠላ ዘቅዝቀን ገባንና ዝም ብለን ሥራችንን ሠራን። ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ ‹ማን ሞቶ ነው?› አለን።»

«ምን አላችሁት?»

«‹ገና ነው› አልነው።»

እናትየው አፋቸውን ያዙ።

«የትኛው ብስኩት ነው? ያ በቀይ ላስቲክ የሚሸጠው እንዳይሆን!»

«እሱ ነው።»

«ወይኔ! ለልጅ ልጆቼ የያዝኩት እሱን እኮ ነው። ልጣለው?»

«ኧረ እህል አይጣልም፣ ይብሉት። በሩን መቆለፍ እስኪተዉ ግን ሌላ አይግዙ። ለጎረቤትም ይንገሩልን።»

«ለጎረቤት? ለእድሩ ነው እንጂ የምናገረው! ቀባሪው እሱ አይደል?» አሉና የራሳቸውን ነጠላ ዘቀዘቁ።

እኔም ከኋላቸው ስበላው የነበረውን ብስኩት ቀይ ላስቲክ ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩ፣ አፌ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቃተኝ።