የቢምቢው ዜማ በእንሴኖ

…በሩን ስትዘጋው ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። መርሳት ያቃተኝ እሱን ነው። ብትቆጣ ይገባኝ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደሚዘጋ፣ መዝጊያውን በሁለት እጇ ይዛ…

ይቅርታ አድርጉልኝ። ከመሃል ጀመርኩ። ንግግሬን ቤቴ ሳጠናው መጀመሪያ የሚመጣው ምስጋና ነበር።

ክቡር አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ የወባ ማጥፊያ ጣቢያችን ኃላፊ፤ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ስለ ጋቢውም አመሰግናለሁ። ለጡረተኛ ጋቢ ሲሰጥ «በል እንግዲህ ቤትህ ተቀመጥ» ማለት መሆኑ ገብቶኛል። ክትፎውን ለሠራችልን ለወይዘሮ ሰፍያ ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ግቢው ጥግ ማድ ቤት ናት፤ የማወራው እዚያ ድረስ አይሰማም። ጨቅላ የልጅ ልጇን አዝላ ከእንሴኖ የመጣችው ለእኔ ብላ ነው።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ «ትራምፔትህን ይዘህ ና» ብለውኝ ነበር። ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። «መጨረሻ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ትነፋልናለህ» ብለዋል። እነፋለሁ። ደስ ማለቱን ግን እንጃ።

ንግግሬ ቀልድ ነበረው። ስለ ላንድሮቨሯ፣ ጭቃ ውስጥ ስላደርንባቸው ቀናት፣ በጃንሆይ የልደት በዓል ዕለት አደባባይ መሃል ስለጠፋብን ጀነሬተር። ከሰኞ ጀምሮ በእኔ ቦታ ፊልሙን የሚያሳየው ጀማሉ ነው፤ ትናንት «ጋሼ አስረስ፣ ሰው ካላሳቅህ ክትፎው አይወርድም» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ከሐሙስ ወዲህ ቀልዱ ከአፌ አልወጣ አለ። ደንግጫለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሥራዬ መጨረሻ፣ ደንግጫለሁ። አሁንም ድረስ አልለቀቀኝም።

ፊልሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያው ያለን አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ የወባው። ግን እስቲ እንደ አዲስ ልንገራችሁ። እኔም ከራሴ አፍ እንደ አዲስ ልስማው።

የሥዕል ፊልም ነው። ተዋናይ የለውም፤ የሚሄደው፣ የሚተኛው፣ የሚታመመው ሰው የሣለው ሥዕል ነው። ንግግርም የለውም። ሲላክልን «ቃል የለውም፤ ስለዚህ በየትኛውም ቋንቋ ማንም አይሳሳተውም» ተባልን። እዚህ አገር በአንድ ገበያ ስንት ቋንቋ እንደሚነገር ታውቃላችሁ። መስቃኑ በራሱ፣ ስልጤው በራሱ፣ ክስታኔው በራሱ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ደስ አለን። ሙዚቃው ይናገራል፤ እኛ ጀነሬተሩን እናስነሣለን፣ አቡጀዲውን እንወጥራለን።

ሲናገር ደግሞ! እኔ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። የፊት ጥርሴ ባይወልቅ እዚያው እቀር ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። አባትየው ሲመጣ ትሮምቦን ነው፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ከእርሻ የተመለሰ እግር። ትንሿ ልጅ ፍሉት ናት፤ ስትሮጥ ይሮጣል፣ ስትቀመጥ አብሯት ይቀመጣል። ቤቱ እንቅልፍ ሲወስደው ቫዮሊኖቹ ናቸው። ቢምቢው ደግሞ ክላርኔት ነው። አምስት ድምፅ ብቻ። ከታች ተነሥቶ ይወጣል፣ አራተኛው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አምስተኛው ላይ ያርፋል።

ብልሃቱ ምን መሰላችሁ? መጀመሪያ ቢምቢውን ከነዜማው ያሳያችኋል። ቀጥሎ ቢምቢውን ይደብቅና ዜማውን ብቻ ይተውላችኋል። አቡጀዲው ላይ የምትታየው የተኛች ልጅ ናት፤ ሌላ ምንም የለም። ክላርኔቱ ግን ከቫዮሊኖቹ ሥር ይሰማል። ያን ጊዜ የእንሴኖ ገበያ ሜዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንገቱን ያዞራል። የሌለውን አዩት ማለት ነው። በጆሯቸው አዩት።

ልጅቷ ስትታመም ደግሞ የእሷ ዜማ ይመጣል፤ የሚነፋው ግን ፍሉቱ አይደለም። ክላርኔቱ ነው። የራሷ ዜማ በቢምቢው አፍ። ሕመሙ ውስጧ መግባቱን ከዚህ በላይ ማን ይነግራችኋል? ይህን ሙዚቃ የሠራውን ሰው አላውቀውም። የየት አገር ሰው እንደሆነም አላውቅም። ፊልሙን እየጠቀለልኩ በሐሳቤ እጁን የሳምኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ የቢምቢ መድኃኒት ረጪው ይመጣል። ራሱ ላይ ቆብ፣ ጀርባው ላይ የዲዲቲ ፓምፕ፣ እጁ ላይ ረጅም ቱቦ። እሱ ሲመጣ ኦርኬስትራው በሙሉ ይነሣል። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ቱባ፣ ከበሮ። የሚነፉት ምንን ነው? የቢምቢውን አምስት ድምፅ። አሳዳጅ በተሳዳጅ ዱካ ሲረግጥ ነው። ደረስኩብህ ሲል ነው። ረጪው ልጅቷ ያለችበት ቤት ይገባል። በሩ ይዘጋል። ሙዚቃው ቀጥ ይላል። አለቀ። የቢምቢውን መሞት የምናውቀው ዜማው በመቆሙ ነው።

እዚያ ቦታ ላይ ሕዝቡ ይጮህ ነበር። በየመንደሩ፣ በየዓመቱ። እኔ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ፣ ደስ እያለኝ፣ እልልታ መስሎኝ…

እልልታ መስሎኝ።

እባካችሁ ትንሽ ውሃ።

እሺ። ሐሙስ ዕለት የጣቢያችን ረጪ ሸምሶ ለርጭት እንሴኖ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ፤ ሰዉን ልሰናበት ብዬ። ሸምሶ ይኸው በስተኋላ ተቀምጧል፤ አንገትህን አትድፋ ሸምሶ። ክቡራትና ክቡራን፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዛሬ ሁለት ስንብት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኔ በክትፎ ነው። የሸምሶ ያለ ክትፎ ነው። ወሩ ሲያልቅ ከሥራ ይወጣል፤ በእሱ ክልል ያሉት ቤቶች ሳይረጩ ቀርተዋልና። እሱ «በር ይዘጉብኛል» ይላል። የሚሰጠው መልስ «ሰነፍ ሁሉ በር ተዘጋብኝ ይላል» የሚል ነው።

እንሴኖ ስንደርስ ሸምሶ ፓምፑን ሊሞላ ወደ ወንዙ ወረደ። እኔ ቀድሜ አክስቱ ቤት ደረስኩ። ወይዘሮ ሳሌሃ ትባላለች፤ እናቱ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ደጅ ተቀምጣ ቆጮ ትጠቀልላለች።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኳት።

«ወአለይኩም ሰላም! የሲኒማው ሰውዬ፣ ትሄዳለህ አሉ?»

«እሄዳለሁ።»

«ሲኒማውስ?»

«ሲኒማው ይቀራል። የምሄደው እኔ ነኝ።»

«ተገላቢጦሽ ቢሆን ይሻል ነበር» አለችና ሳቀች።

ቀልድ መሰለኝ። ብዙ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በርጩማ አወጣችልኝ። ውስጥ የልጅ ልጇ ኡሚ ተኝታለች። ወባ ነው። ጥርሷ ሲጋጭ እስከ ደጅ ይሰማል። ከእኛ ክኒን ወስዳ እያዋጠቻት ነው፤ ክኒኑን ታምናለች። ይህን ልብ በሉልኝ። ጣቢያውን የምትጠላ ሴት አይደለችም።

ሸምሶ መጣ። ቆቡን አድርጎ፣ ፓምፑን አዝሎ፣ ቱቦውን ይዞ። ወይዘሮ ሳሌሃ አየችው። ተነሣች፣ ገባች፣ በሩን ዘጋችው። አስቀድሜ እንደነገርኳችሁ ነው። ቀስ ብላ።

«አክስቴ! እኔ ነኝ እኮ፣ ሸምሶ!»

«ሸምሶ መሆንህን መቼ አጣሁት። ያንን ከጀርባህ አውርድና ግባ። ምሳ አለልህ።»

«ለኡሚ ብዬ ነው እኮ!»

«እኔስ ለማን ብዬ ነው?»

ሸምሶ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። አልተቆጣም፣ አልለመነም። ስንት ቤት ሥር እንዲህ እንደተቀመጠ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ በሩን ተጠግቼ «ወይዘሮ ሳሌሃ፣ ምን አስፈራሽ?» አልኳት።

«ፊልሙን ያመጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ። «መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ደም ጠጣ። ከዚያ አደገ። ቆብ አደረገ፣ አፉ ቱቦ ሆነ። በዚያው ዜማው ተመልሶ መጣ፤ ወፍሮ።»

ከዚያ አንጎራጎረችልኝ። በተዘጋ በር ውስጥ። አምስቱንም። መጀመሪያ በቀጭኑ፣ እንደ ክላርኔቱ። ቀጥሎ ጉንጯን ሞልታ፣ እንደ ትራምፔቱ። አንዱንም አልሳተችው። አራተኛውን እንኳ አንቀጠቀጠችው።

«እሱ እኮ ነው ቢምቢውን የሚገድለው!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ።

«ሲገድለው አየህ?»

የፊልሙን መጨረሻ በሐሳቤ መለስ አድርጌ አየሁት።

«ቢምቢው ሞቶ ወድቆ አየህ ወይ? እኔ አላየሁም። ያ ሰውዬ ልጅቷ የተኛችበት ቤት ገባ፣ በሩን ዘጋ። ከዚያ አንተ መብራቱን ታጠፋለህ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዴት አልነገርንህም? ስንጮህ አልሰማህም?»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ጋቢዬን ይዤ፣ አመስግኜ መቀመጥ። ግን ንገሩኝ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳተችው? «ዐይንሽን ትተሽ ጆሮሽን እመኚ፤ ይህ ዜማ ሲመጣ የሚመጣው እሱ ነው፤ ባታዪውም እሱ ነው» ብሎ ያስተማራት ፊልሙ ነው። ተማረች። ከማናችንም በላይ ተማረች። ዜማው በትልቁ ሲመጣ ትልቅ ሆኖ መጣ አለች። እኔ ደግሞ ማርሽ ባንድ ያደግሁ ሰው ነኝ። ትራምፔት ሲነሣ ድል ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። እሷ ትራምፔት የምታውቀው ከየት ነው? ወታደር ሲመጣ። ግብር ሰብሳቢ ሲያልፍ። ታዲያ ምን ትበል?

ከወንዙ ማዶ ያሉትን መንደሮች አስቡ። መኪናችን ስለማትሻገር ፊልሙን አላዩም። እዚያ ሸምሶ ሲያንኳኳ ይከፍታሉ፤ ወተትም ይሰጡታል። ሸምሶ ያው ሸምሶ ነው። ፓምፑም ያው ፓምፕ ነው። በሩ የሚዘጋው ፊልሙን ባሳየንበት ብቻ ነው። ጭቃ ሹሙ አጠገቡ ከቆመ ይከፈታል፤ ልጆቹን ግን በጓሮ ያሸሻሉ። ይህን የሰማሁት ከሸምሶ ነው፤ ሲመልሰኝ፣ መንገድ ላይ።

አርብ ጠዋት ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ነገርኳቸው። ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ልባቸውን አውቀዋለሁ።

«አስረስ፣ ጡረታው ሳይጀመር ራስህ ላይ ወጣ እንዴ? በዜማ የተነሣ ቤቱን የሚዘጋ ሰው የት አገር አየህ?»

«እንሴኖ» አልኳቸው።

«ፊልሙን እኛ አልሠራነውም፤ መቁረጥ አንችልም። ሰኞ ወልቂጤ ይሄዳል። የሸምሶም ነገር ያለቀ ነው።»

ጌታዬ፣ ይቁረጡት አላልኩም። ረጪው ሲመጣ ጀማሉ ድምፁን ይዝጋው ነው ያልኩት። አንድ ቁልፍ ማዞር ነው። ሸምሶንም ይሹሙት አላልኩም። ሰነፍ አይበሉት፣ ከእንጀራው አያውርዱት ነው ያልኩት። ይህን በሰው ፊት በመናገሬ ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ቀን የለኝም። ወልቂጤ ፊልሙን ገና አላየም። በሮቹ ገና ክፍት ናቸው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላም አለ። አንዱን ጩኸት ይህን ያህል ዘመን እልልታ ካልኩት፣ ሌላ ስንቱን ነው እንዲሁ የሰማሁት? ቡታጅራ ላይ ያጨበጨቡልኝ እጆች ምን እያሉኝ ነበር? እዚህ አዳራሽ ውስጥስ፣ አሁን፣ ዝም ያላችሁት…

ተውት። ጡረተኛ ብዙ ያስባል።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ጀማሉ፣ ጀነሬተሩ በመጀመሪያው ጉተታ ይነሣልህ። ሲጮሁልህ ቶሎ ደስ አይበልህ፤ ጠይቅ። ጌታዬ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ፤ እንደሳቁ ይቆዩልኝ። ሸምሶ፣ ያንኳኳኸው ይከፈትልህ። ኡሚን አላህ ያሽራት። ሁላችሁንም፣ የክርስቲያኑም አምላክ የእስላሙም አምላክ፣ ደጃችሁን ለደግ ነገር ክፍት ያድርገው። ክፉውን ከደጉ የሚለይ ጆሮ ይስጣችሁ። አሜን ላላችሁ ይድረሳችሁ፤ ላላላችሁም ይድረሳችሁ።

አሁን ትራምፔቱን ልያዝ። ጥርሴ የተተከለ ነው፤ ዘፈን አይችልም። አምስት ድምፅ ግን አያቅተውም።

ጀማሉ፣ ያንን መስኮት ክፈትልኝ። ሰፋ አድርገው። ይኸው፣ ማድ ቤቱ ከዚህ ይታያል። ወይዘሮ ሰፍያ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ጎመን ትከትፋለች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ፊልሙን እንሴኖ አይታዋለች፤ እኔ ግን ዛሬ ምንም አልነገርኳትም። ይቅር ትበለኝ።

ጌታዬ፣ እኔን አይመልከቱኝ። ወደ ውጭ ይመልከቱ።

(አምስቱን ድምፅ ነፋ። በግቢው ጥግ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ በር ተዘጋ።)