ለማጣሪያ የሚያብጥ ጉልበት

ጋሼ፣ ይቺን ቁርጭምጭሚቴን ጠበቅ አድርገው ይጠቅልሉልኝማ። እንደዚያ... ይባረኩ። ልጆች ደህና ናቸው? ትልቋ ተመረቀች አይደል? ደስ ይላል። ተፈትኖ ማለፍ ያኮራል። ሳይፈተኑ የሚያልፉም አሉ እኮ... ኧረ ማንንም አይደለም፣ ወሬ ነው።

ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ተኝቷል እንዴ? ውይ፣ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። እኛ እንኳ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ስለ አንዲት ጎበዝ፣ አገር ስላወቃት፣ ነሐስ ስላጠለቀች። እንዴት እንደማደንቃት! ቴኳንዶ የእግር ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የዕጣም ነው።

መጀመሪያ የሄደችበትን ውድድር ያስታውሳሉ? በኪሎዋ የተመዘገቡት ጥቂት ስለነበሩ ዕጣው ያለ ተጋጣሚ ግማሽ ፍጻሜ አስገባት። እዚያ ተሸነፈች። ምን ችግር አለው? ግማሽ ፍጻሜ ላይ የተሸነፉት ሁለቱም ነሐስ ያገኛሉ፣ ሕጉ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ተጋጣሚዋ ከኪሎዋ አልፋ ሚዛን ጣላትና የኛዋ በፎርፌ አለፈች። እንደገና ግማሽ ፍጻሜ፣ እንደገና ሽንፈት፣ እንደገና ነሐስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ... የሷ እንቁላል በአውሮፕላን ሄዶ ሜዳሊያ ይዞ መጣ። እግዜር ሲጣላ በትር አይቆርጥም፤ ሲወድ ደግሞ ለካ ተጋጣሚ ያስቀራል። አበባ ይዤ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ፊቷ ላይ አንዲት ጭረት የለም፣ እንደሄደች ተመለሰች። እናት ከዚህ በላይ ምን ትመኛለች?

ደግሞ ምቷ ከባድ ነው፣ አይናቅም። ልምምድ ላይ የምትመታውን ፓድ የምይዝላት እኔ ስለሆንኩ ክንዴ ይመሰክራል። ፓድ ደግ ነው፣ መልሶ አይማታም... እኔማ ምን አለኝ? ፓስፖርቴ እንኳ እንደተሰጠኝ ነው፣ ማኅተም አያውቅም።

ነገ ጠዋት ግን ማጣሪያ አለ። ለሚቀጥለው የውጭ አገር ውድድር በዚህ ኪሎ አንድ ቦታ፣ እሷና እኔ። ስማችን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ከተለጠፈ ወዲህ ጉልበቷ አበጠ አሉ። አዘንኩ። አሰልጣኙን «ማጣሪያው ይቅርና በልምድ ምረጠኝ» ብላዋለች አሉ። ልምድስ አላት፣ ማን ይክዳል? ብቻ ትናንት በረዶውን ያየሁት በቀኝ ጉልበቷ ላይ ነበር፣ ዛሬ ስገባ በግራው ላይ ነው። ጋሼ፣ በሙያዎ ያውቃሉ... ሕመም መንገድ ይሻገራል እንዴ?

አይሳቁ እንጂ፣ የታመመ ሰው አጠገብ። እኔ አልሳቅሁም። ይህን እግር ስንቴ አሽተውታል፣ ለዚህች ጠዋት ስንት ዓመት እንደለፋሁ ከርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ፓድ ይዤ ዝም ስል ነቀዝኩ። ብሸነፍም ተመትቼ ልሸነፍ፤ ያኔ ይከፋኛል እንጂ አይቆጨኝም። አሰልጣኙ ስለ ጉልበቱ መጥቶ ሲጠይቅዎ፣ በእጅዎ ዳስሰው ያገኙትን ብቻ ይንገሩት። ሌላ አልልም።

እንግዲህ ልሂድ፣ እግሬም ተሻለው። አንቺም እህቴ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለሽው፣ ማንም ሁኚ ማን... ምሕረቱን ያውርድልሽ። እስከ ዛሬ ከተጋጣሚ የሰወረሽ አምላክ፣ ነገም ከኔ ይሰውርሽ።