ከልብስ ሰፊው ሱቅ የወጣው ካፖርት

ጋሽ ሀብተሥላሴ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንን ተሳልመው ሲወጡ፣ የጎረቤታቸውን ልጅ አያንቱን በሩ ላይ ደርቃ እንደ ቆመች አገኟት። አያንቱ ካዛንቺስ ቢሮ ያላት ጠበቃ ናት። ዓይኗ ደጃፉ ላይ ከተቀመጡት አንዲት ነዳይ አልነቀል ብሏል።

«ምነው ልጄ፣ ምን አየሽ?»

«ጋሼ፣ እማማ የለበሱት ካፖርት የኔ ነው! ጋሽ መዝገቡ እንዲያሳጥሩልኝ የሰጠኋቸው!»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ክው አሉ። ልብስ ሰፊው መዝገቡ የልብ ወዳጃቸው ነበር። ሲሞት በኑዛዜው ውርስ አጣሪ ያደረገው እሳቸውን ነው፤ ወራሹም አንዲት ልጁ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ፍሬሰላም ናት። በአርባው ዕለት «የሟች ልብስ ለነዳያን» ብለው፣ ሱቁ ውስጥ የተሰቀለውን ሁሉ በገዛ እጃቸው አድለው ነበር።

«የሰው ልብስ መሆኑን በምን ልወቅ?»

«ልብስ ሰፊ ለራሱ ሃያ ሱሪ ይሰቅላል እንዴ፣ ጋሼ? ደግሞ ቀሚሱስ? ዝርዝር አልያዙም?»

«ዝርዝር! እኔን ከሌባ ልትቆጥሪኝ ነው? መዝገቡ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አስፈርሞኝ አያውቅም!»

«ሌባማ ቢሆኑ ለራስዎ አንድ ኮት ባስቀሩ። እርስዎ እኮ፣ ማለቴ፣ በሰው ልብስ ነው የጸደቁት።»

በአገራችን እንደ ጋሽ ሀብተሥላሴ ያለ ደግ ሰው ብዙ ነው፤ አደራ መጠበቅ ማለት አለመስረቅ ብቻ ይመስለዋል።

«ባለ ልብሶቹ ሲመጡ የሚጠየቀው ውርሱ ነው» አለች አያንቱ። «የፍሬሰላም ሱቅ፣ የፍሬሰላም የስፌት መኪና። እርስዎም ላጠፉት ይጠየቃሉ። ለመሆኑ መኪናዎቹ አሉ?»

ሽማግሌው አጥሩን ተደገፉ። «አንዱን... ለወንድሙ ልጅ ለበድሉ ሰጠሁት። መታሰቢያ ይሁንህ ብዬ።»

«ጋሼ!»

«አትጩኺብኝ! በድሉም እኮ የሙት ልጅ ነው፤ እጀ ባዶ ላስቀረው ነው? ምን ላድርግ፣ በይ ንገሪኝ።»

«አጣሪ መጀመሪያ ሱቁን ቆልፎ ያለውን ሁሉ በምስክር ፊት ይመዘግባል። የሌላ ሰው የሆነውን ለይቶ ይመልሳል፤ የሟችን ዕዳ ይከፍላል። ከዚያ የቀረውን ለወራሹ ያስረክባል። በመሀል ስጦታ የለም። ዝርዝሩ ካለ ባለ ልብሱም አይጣላዎትም፣ ዘመዱም አያማዎትም፤ ፍሬሰላምም አድጋ ስትጠይቅዎ ወረቀቱን ያሳይዋታል።»

«እኔ ደግሞ ከመስጠት ጀመርኩ» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ ቀስ ብለው። «በይ፣ ሱቁን ሄደን እንቆልፍ። ከዚያ በድሉ ጋ ነኝ።»

ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። የለበሱትን ካፖርት አውልቀው ወደ ነዳይዋ ዘረጉ።

«እናቴ፣ ያንን ለባለቤቱ እንመልስ። ይኸን ይልበሱ።»

ሴትዮዋ ካፖርቱን አገላብጠው አዩት። «ለዚህስ ነገ ባለቤት ይመጣበት ይሆን?»

«አይመጣበትም» አሉ ሽማግሌው፣ በሸሚዝ እንደ ቆሙ። «ይኼ የራሴ ነው።»