የቡና ለቃሚዋ እጆች

ከዲላ ወደ ገደብ በሚሄደው ሚኒባስ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበርኩ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ላሉት ሽማግሌ ድምጿን ሳትቀንስ ታወራለች።

«በገዛ ሻሿ እጇን አስረዋት አገኘኋት፣ ጋሼ!»

«የማንን እጅ?»

«የእናቴን! መርሳት ሲጠናባት መጦሪያ ቤት አስገብቻት ነበር።»

«ምን አጥፍተው ነው?»

«ብርድ ልብሱን ቀኑን ሙሉ እየነጨች አስቸገረችን አሉኝ።»

«ነጨች ተብሎ ይታሰራል? ከብት ናቸው እንዴ!»

«እየለቀመች እኮ ነው፣ ጋሼ! ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውላ፣ የተበላሸ ፍሬ እየለቀመች ነው ያሳደገችን። ዛሬ ስሜን እንኳ አታውቀውም፤ ለቀማውን ግን አልረሳችም።»

«ታዲያ አልነገርሻቸውም?»

«ስንት ጊዜ! ጥሬ ቡና ወስጄ፣ ‹ሰፌድ ላይ አድርጉላት፣ ማንንም ሳታስቸግር ትውላለች› ብዬ ለመንኳቸው።»

«እሺ፣ ምን አሉ?»

«ቆልተው ጠጡት!»

«ጠጡት?»

«ጠጡት! ዛሬ እሷን ፍቺልኝ ብዬ ስጮህ፣ ‹መጀመሪያ አረፍ በይ› ብላ ሠራተኛዋ ከዚያው ቡና ቀድታ አቀረበችልኝ።»

«አይ የሰው ጭካኔ! አሁንስ እናትሽ የት ናቸው?»

«ይኸው በዚህ በኩል፣ መስኮቱ ጋ ናት። ይዣት ወጣሁ። ፌስታል ሙሉ ጥሬ ቡና ሰጥቻታለሁ፤ ከተነሣን ጀምሮ እየለቀመች ነው።»

አሮጊቷ ወደ ኋላ ዞር ብለው ለቅመው ያወጧትን አንዲት የጠቆረች ፍሬ ሲዘረጉልኝ፣ በሁለት እጄ ተቀብዬ ገደብ እስክንደርስ ጨብጬ ያዝኳት።