በርሜል ውስጥ የገባችው የጠላቂ ሰዓት ጉዳይ

የምስክር ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ ጋሽ መቀስ (በሰፈሩ የሚታወቅበት)
ዕድሜ፦ 54 ዓመት
ሥራ፦ ፀጉር አስተካካይ
አድራሻ፦ በታላቅ ወንድሙ ግቢ ውስጥ፣ የጓሮ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ዕለት፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡30 ጀምሮ
ጉዳዩ፦ በአንድ የእጅ ሰዓት ላይ ሆን ተብሎ ደርሷል የተባለ ጉዳት እና ድብድብ

በመጀመሪያ፣ ስለ ሰዓቷም ሆነ ስለ ድብድቡ ከመናገሬ በፊት፣ የተቀመጥኩበት ወንበር አንድ እግሩ ከሦስቱ ያጠረ መሆኑ እንዲመዘገብልኝ አመለክታለሁ። ወደ ቀኝ ሲያዘነብል መርማሪዋን፣ ወደ ግራ ሲያዘነብል ግድግዳውን አያለሁ። በኔ ሱቅ እንዲህ ያለ ወንበር ቢኖር የደንበኛዬን ጆሮ ከነፀጉሩ አወርደው ነበር። መርማሪዋ “ጋሼ፣ ወደ ጉዳዩ ይግቡ” ብላኛለች። ወንበሩም ጉዳይ ነው ብዬ መልሻለሁ።

የወንበሩን ነገር ያነሳሁት ጊዜ ለመግፋት እንደሆነ ስጠየቅ አልካድኩም። ከዚህ ክፍል ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፍ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዷ የወንድሜ ልጅ፣ የጥርስ ሐኪሟ ናት። ሌላው የሷው ታናሽ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ነው። ሁለቱንም ጀርባዬ ላይ አዝዬ አሳድጌአቸዋለሁ። አሁን የምሰጠው ቃል ከሁለቱ አንዱን ዛሬ እዚህ ሊያሳድር እንደሚችል ስለተነገረኝ ምላሴ እንደ ወትሮው አልታዘዘኝም።

ነገ እሁድ ወንድሜ ስልሳ ዓመት ይሞላዋል። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ሠርቶ ባለፈው ዓመት፣ ከደንቡ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የእጅ ሰዓቱን ገላውን ሲታጠብ እንኳ አያወልቃትም ነበር። ጡረታ በወጣ በወሩ ውሃ ገባባትና ቀጥ አለች። ከዚያ ወዲህ የግራ እጁን ከፍ ያደርጋል፣ አንጓው ላይ የቀረውን ነጣ ያለ ምልክት ያያል፣ መልሶ ያወርደዋል። እኔ በወንድሜ የማላሾፍበት ነገር የለም። በዚህ ግን አሹፌ አላውቅም።

ይህን ልጆቹም አይተዋል። ጥፋቱ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ማየታቸው ነው። እሷም ውሃ የማይደፍራት ሰዓት ልግዛለት አለች፣ እሱም አለ። ሁለቱም የመረጡት ለባሕር ጠላቂዎች የተሠራ፣ ሦስት መቶ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ሰዓት ነው። ወንድሜ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ስለ ዋጋቸው ስጠየቅ፣ ዋጋቸውን የሰማሁ ቀን ራት አልበላሁም ብዬ መልሻለሁ።

የሐኪሟ ሰዓት ገጿ ጥቁር፣ ማሰሪያዋ ጎማ፣ ቀለል ያለች ናት። የነጋዴው ሰማያዊ፣ ባለ ብረት ማሰሪያ፣ ወፍራም፣ በር ለመደገፍ የምትበቃ ናት። ስለ ጥቁሯ ነጋዴው “የተማሪ ሰዓት ናት” ሲል ሰምቻለሁ። ስለ ሰማያዊዋ ሐኪሟ “ሱቁ ውስጥ ሳይሸጥ የቀረ መለዋወጫ ነው” ስትል ሰምቻለሁ። ሁለቱም ይህን የተናገሩት ለኔ ነው። ከተኳረፉ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እርስ በርስ አይነጋገሩም። አንድ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው እሱ “አጎቴ፣ ለእህቴ በሩን እንድትዘጋ ንገርልኝ” ይላል። እሷ “አጎቴ፣ እጅ የለውም ወይ በልልኝ” ትላለች። እኔም እየዞርኩ እናገራለሁ። አንዳንዴ ከራሴ ትንሽ እጨምርበታለሁ።

የተኳረፉበትን ምክንያት ስጠየቅ፦ ወንድሜ ጡረታ ሲወጣ ሁለቱም “አባዬ እኔ ዘንድ ይግባ” አሉ። እሱ “አስብበታለሁ” አለ፤ ይኸው እስካሁን እያሰበ ነው። ስለዚህ የሰዓቷ ነገር የሰዓት ነገር ብቻ አይደለም። የማን ሰዓት እጁ ላይ ከታሰረ የማን ቤት እንደሚገባ ታወቀ ማለት ነው ብለው ይዘውታል። እኔ “ሁለት እጅ አለው፣ ግራና ቀኝ እሰሩለት” ብዬ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሁለቱ በአንድ ድምፅ የጮሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የጮሁትም በኔ ላይ ነው።

በመጨረሻ ዳኛው አንተ ሁን፣ ምረጥ፣ ያልተመረጠችው ሳትነካ ወደ ሱቅ ትመለስ ተባባሉ። በኔ በኩል ማለቴ ነው። ለዳኝነቱ መደለያ ቀርቦልኝ እንደሆነ ስጠየቅ ቀርቦልኛል ብያለሁ። እሷ ደህና የሆነውን ጥርሴን በነፃ ልትነቅልልኝ፣ እሱ መኪና ለሌለኝ ሰው አራት ጎማ ሊሰጠኝ ቃል ገብተዋል። ሁለቱንም አልተቀበልኩም።

ሐሙስ ዕለት ሦስታችንም ሰዓት መሸጫው ሄድን። የሱቁ ባለቤት ሁለቱን ሰዓቶች ግድግዳዋ ላይ ባለው ሰዓት ልክ አስተካከለች። ከዚያ በጎናቸው ያለችውን መሙያ እንደ ጠርሙስ ክዳን ጠምዝዛ ዘጋችና “ይቺ ጥብቅ ካለች ባሕር አያሰጥማቸውም፤ ከላላች ግን የፊት መታጠቢያ ይበቃቸዋል” ብላ አስጠነቀቀችን። አንዱ ሌላውን ስለማያምን ሁለቱም ሰዓቶች እኔ ክፍል፣ የፎጣ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀመጡ።

መሳቢያው ውስጥ ሌላ ምን እንደነበረ ስጠየቅ፣ ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ የደወል ሰዓቴ ነበረች ብያለሁ። የደወል ሰዓት ፎጣ ስር ምን ትሠራለች ብላ መርማሪዋ ጠይቃኛለች። ይህን ለማስረዳት የቤታችንን ጠባይ መናገር ግድ ሆኖብኛል።

ወንድሜ ግቢ ውስጥ ያለ ሰዓት ሁሉ አሥር ደቂቃ ይቀድማል። የሳሎኑም፣ የምድጃውም፣ የሬዲዮውም። ሰው አውቶቡስ እንዳያመልጠው በማለት ከመናኸሪያ ያመጣው ሕግ ነው። በየጠዋቱ ቤቱን ዞሮ ይመለከታል፤ ልኩን የያዘ ሰዓት ካገኘ እንደ ጥፋት ቆጥሮ ወደፊት ይገፋዋል። እኔ የደወል ሰዓቴን ወደ ኋላ እመልሳለሁ፣ እሱ ሱቅ ስሄድ ክፍሌ ገብቶ ወደፊት ይገፋታል። ዓርብ ጠዋት እስቲ ፈልጎ ያግኛት ብዬ ፎጣ ስር ደበቅኋት። ልጆቹ ግን ከዚህ ሕግ የተረፉ ናቸው። በልጅነታቸው የትምህርት ቤት በር ሳይከፈት እየደረሱ በብርድ ስለቆሙ፣ ካደጉ በኋላ አንድም ቀን ሰዓታቸውን ከልኩ አስቀድመው አያውቁም። በጸባቸው መሐል የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ዓርብ ማምሻውን ክፍሌ የገባ ሰው ስለመኖሩ ተጠይቄአለሁ። እዚህ ላይ የወንበሩን ጉዳይ እንደገና አንስቻለሁ። መርማሪዋ ወረቀት አጥፋ እግሩ ስር ካደረገች በኋላ ጥያቄውን ደግማዋለች። አዎ፣ ከሱቅ ስመለስ ነጋዴው ከክፍሌ ሲወጣ አይቼዋለሁ። “ምን ሆነህ ነው?” ስለው “ሰዓቴን ላያት ብዬ ነው አጎቴ፣ በቃ” አለኝ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። የእህቱን ሰዓት ነክቶ እንደሆነ አላየሁም። እንዲህ ብዬ ከተናገርኩ በኋላ ውሃ ጠይቄ ጠጥቻለሁ።

ዛሬ ከጠዋቱ 4፡00 ገደማ፣ ወንድሜ እንደ ልማዱ የቅዳሜ አውቶቡሶች ሲወጡ ለማየት መናኸሪያ ሄዶ ሳለ፣ ፍርዴን ልሰጥ ግቢው ውስጥ ሰበሰብኳቸው። አልመረጥኩም ነበር። ነጋዴው “አጎቴ፣ ያቺ ጎማ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ብትገባ ነፍስ አይኖራትም በልልኝ” አለ። ነገርኳት። ሐኪሟ “እናያለን በለው” አለች። እኔም፣ አፌን የሚይዝልኝ ሰው ጠፍቶ፣ “የውሃው በርሜል እኮ ሙሉ ነው” አልኩ።

ሐኪሟ ጥቁሯን ሰዓት በገዛ እጇ በሲባጎ አስራ በርሜሉ ውስጥ ለቀቀቻት። ስታወጣት መስታወቱ ከውስጥ ላብ የያዘው መስሎ ነበር። ውሃው ከስር ይንሸራተት ነበር፤ መርፌዎቹ ቆመዋል። በጎኗ ያለችው መሙያ ላልታ፣ ወጣ ብላ አየናት። ነጋዴው ሳቀ። እንደኔ ግምት የሳቀው ከድንጋጤ ነው፤ ሳቅ ግን ሳቅ ነው። ያኔ ሐኪሟ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟን በቀጥታ አናገረችው። ያለችውም “አንተ ሌባ! አንተ ነህ ያላላኸው!” ነው። እሱም “አንቺ መዝጋት አታውቂም! ጥርስም እንዲህ ነው የምትሞዪው?” አላት። በእርጥብ ፎጣ ፊቱን መታችው። በርሜሉን በእርግጫ ገለበጠው። ውሃው ጓሮ ድረስ ሄደ፤ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት የመላጫ መስታወቴ ወድቆ ተሰበረ። መሐል ገብቼ ከሁለቱም ወገን ድርሻዬን ቀምሻለሁ። ጎረቤታችን ነርሷ በአጥር አይታ ፖሊስ ጠርታለች። ሰማያዊዋ ሰዓት ውሃ ውስጥ አልገባችም፤ ከነማስቀመጫዋ ደረጃው ላይ ነበረች።

እዚህ ጣቢያ ከደረስን በኋላ ሐኪሟ “ሆን ብሎ አበላሸብኝ፣ ይከሰስልኝ” ብላ አመልክታለች። ነጋዴው “ደብድባኛለች፣ እሷም ትከሰስ” ብሏል። ነገ አባታቸው ስልሳ ሲሞላ ማዕዱ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አስቤ አልታየኝም።

መርማሪዋ በዚህ ጊዜ ሁለቱን ሰዓቶች በላስቲክ እንደታሸጉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ “እነዚህን ያውቋቸዋል?” ብላኛለች። አውቃቸዋለሁ። ጥቁሯ እንደቆመች ነው። ሰማያዊዋ ትሠራለች። ሰማያዊዋን አየሁ። ከመርማሪዋ ራስ በላይ ያለውን የጣቢያውን ሰዓት አየሁ። እንደገና ሰማያዊዋን አየሁ። ከዚያ ሳቅ አምልጦኛል፤ በምስክርነት ቦታ እንደማይሳቅ ተነግሮኛል።

ለምን እንደሳቅኩ ስጠየቅ እንዲህ ብያለሁ። ሰማያዊዋ ከጣቢያው ሰዓት አሥር ደቂቃ ትቀድማለች። የሱቁ ባለቤት ልኳን አስይዛ ነው የሰጠችን። መርማሪዋ በላስቲኩ ላይ ጣቷን አድርጋ ስትነካት የሰማያዊዋም መሙያ ልል ሆና አግኝታታለች። ነጋዴው የእህቱን ሰዓት ሊያጠፋ ገብቶ ነበር ቢባል እንኳ የገዛ ሰዓቱን መሙያ አላልቶ አይተዋትም። ሐኪሟም የሱን ልታጠፋ የራሷን አታሰጥምም። ሰዓትን ደግሞ ልክ አሥር ደቂቃ ወደፊት የሚገፋ ሰው በዚህ ዓለም የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ዓርብ የደወል ሰዓቴን ፍለጋ መሳቢያዬን ከፍቷል። ፎጣ ስር ከሷ ጋር ሁለት ሌሎች ልካቸውን የያዙ ሰዓቶች አግኝቷል። ሱቅ ውስጥ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ እሱ አልሰማም። የድሮ ሰዓቱ መሙያ የምትጠመዘዝ አልነበረችም፤ ይገፋታል፣ ትገባለች፣ በቃ። የገዛ ስጦታውን አስተካክሎ፣ ፎጣውን መልሶ፣ ዛሬ ጠዋት ምንም እንዳላየ ሰው ፊት ለፊቴ ቁርሱን በልቷል።

መርማሪዋ “ስለዚህ ጥፋተኛው ማን ነው ይላሉ?” ብላ ጠይቃኛለች። ባለ ልደቱ ነው ልል አፌን ስከፍት ከኮሪደሩ የሐኪሟ ድምፅ ተሰምቷል። የተናገረችው ለኔ አይደለም፤ በኔ በኩልም አይደለም። “አንተ፣ ሸሚዝህን ክተት። ተነስ፣ አባዬ መጣ” ነው ያለችው። ነጋዴውም “እሺ” ብሏል።

በሩ ተንኳኩቶ ሳይፈቀድ ተከፍቷል። ወንድሜ ነው። ከመናኸሪያ ሲመለስ ነርሷ ነግራው መሆን አለበት፤ ጫማው የግቢያችንን ጭቃ ይዟል። ሁለቱ ልጆቹ ከኋላው ግራና ቀኝ ቆመዋል። መርማሪዋን እጅ ነስቷል። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሰዓቶች አይቷል። የቆመችውን ረዘም አድርጎ አይቷታል። የግራ እጁን ከፍ አደረገ፣ አንጓውን አየ፣ አወረደው። ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳውን ተመለከተና “ልጄ፣ ይሄ ሰዓታችሁ አሥር ደቂቃ ዘግይቷል” አላት።

እኔ ስነሳ ወንበሩ ወድቋል። ቃሌም እዚህ ላይ ቆሟል።

ከላይ የሰፈረው በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁትና ወንድሜን በማወቄ የደረስኩበት ነው፤ ተነቦልኝ የኔው መሆኑን አምኜ ፈርሜአለሁ። ስለ ወንበሩ የተናገርኩትም ሳይሰረዝ እንዲቆይልኝ ጠይቄአለሁ። ቃሉ የተዘጋው በጣቢያው ሰዓት ከቀኑ 7፡20 ሲሆን፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው 7፡30 ተብሎ ይታረም ብሎ አመልክቷል።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የመርማሪዋ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)